የበረኛው ኮሌታ

ሦስት ሰዓት ላይ ያስገቧታል ብላኛለች ሳሌሃ፣ የእነሱ ሦስት ሰዓት እዚህ አንድ ሰዓት ነው፣ አሁን አንድ ከሩብ ሆኗል፣ ስለዚህ እናቴ አዲስ አበባ የቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ናት፣ እኔ ደግሞ ሰሜን ስዊድን ባለች አንዲት ክፍል ቤቴ ስልኬን ደረቴ ላይ አድርጌ ጣሪያ አያለሁ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ግን ለምን እንደወሰድኩ አላውቅም፣ እዚህ ተጋድሜ የማደርግላት ነገር የለም። መስኮቱ ገና ጥቁር ነው፣ በጥር ፀሐይ እዚህ አገር ሦስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አትወጣም። ሳሌሃ ታናሽ እህቴ ናት፣ ቡታጅራ ከእማ ጋር የቀረችው እሷ ናት፣ ሲጨርሱ ደውዪልኝ አልኳት፣ እሺ አለች፣ ሁለት ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል ብለዋል፣ ቶሎ ካልደወልኩ አትደንግጥ አለች። አልደነገጥኩም። የማስበው ስለ አንገት ነው። ሥራዬም አንገት ነው፣ ይኼንን ለቡታጅራ ሰው ባወራ ማንም አያምነኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ገበያው ዳር፣ ጨርቅ መደብሮቹ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ የሰፋሁት ሸሚዝ ብዛቱን አላውቀውም፣ ከሸሚዝ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ኮሌታው ነው፣ እጅጌ ቢበላሽ ሰው ይጠቀልለዋል፣ ኮሌታ ከተበላሸ ግን ፊቱ ሥር ስለሆነ ሁሉም ያየዋል። እዚህ መጥቼ ቋንቋውን ጥቂት ስለምድ ካሪን የምትባል ሴት የስፖርት ዕቃ መደብሯ ጓዳ ውስጥ አስገባችኝ፣ በበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወቱበትን ጫማ ሥሩ ያለውን ብረት እስል ነበር፣ ከዚያ የተቀደደ ጓንት ስሰፋ አየችኝ፣ ከዚያ አንድ ቀን አንዱን ደንበኛ አንገቱን በሜትር ስለካ አየችኝና በረኞቹን አንተ ያዛቸው አለችኝ። ሆኪ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር። በረኛው ግን ገባኝ። ሌላው ሁሉ ይሮጣል፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ የመጣውን ይቀበላል፣ የሚመጣው ደግሞ ፓክ የሚሉት እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጥቁር ጎማ ነው፣ ከመኪና ይፈጥናል። ስለዚህ በረኛ አንገቱን ከሁለት ነገር መጠበቅ አለበት፣ ከፓኩና ሰው ሲወድቅበት ከሚወነጨፈው የጫማ ብረት። ብረቱን የሚያቆመው አንገት ላይ የሚጠመጠም ኮሌታ ነው፣ ምላጭ የማይቆርጠው ክር የተሠራበት። ፓኩን ግን ጨርቅ አያቆመውም፣ እሱን የሚመልሰው ከጭምብሉ አገጭ ሥር በማሰሪያ የሚንጠለጠል ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። ብዙ ሰው አንዱን ገዝቶ ሁለቱንም የገዛ ይመስለዋል። እኔ ሁለቱንም አስለብሳቸዋለሁ፣ ጎንበስ በል እላለሁ፣ ወደ ግራ እይ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀና በል፣ ምራቅህን ዋጥ፣ አሁን አውራኝ። ሲያወራ ድምፁ ከተለወጠ ኮሌታው ጠቧል ማለት ነው። ይኼን ያስተማረኝ የለም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት፣ በዚህም እኮራ ነበር፣ የሰው ድምፅ ሰምቼ አንገቱ እንደተጨነቀ አውቃለሁ ብዬ።

በየቅዳሜው እማ ጋር እደውላለሁ። ካርድ እፍቃለሁ፣ ረጅሙን ቁጥር አስገባለሁ፣ ሳሌሃ ታነሣና ትሰጣታለች። አሰላሙ አለይኩም እማ፣ ወአለይኩም ሰላም ልጄ፣ ደኅና ነህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ብርዱስ፣ ደኅና ነው፣ በላህ ወይ፣ በላሁ። ከዚያ እኔ የምለው ያልቅብኛል። እሷ ናት የምታወራው፣ የገበያውን፣ የጎረቤቱን፣ ማን እንደወለደ፣ የማረቆ በርበሬ ዘንድሮ እንዴት እንደቀላ፣ እሷ በርበሬ ነጋዴ ናት፣ ዘይባ በርበሬ ይሏታል ገበያው ውስጥ። ባለፈው ዓመት ድምፅሽ ይቆራረጣል አልኳት። መስመሩ ነው አለች። እውነት መስሎኝ ካርዱን ቀየርኩ፣ ሌላ ዓይነት ገዛሁ፣ አሁንም እንደ ሻካራ ነገር ይፋጫል፣ ያንንም ቀየርኩ። እማ ጮክ በዪ እንጂ አልኳት። ጮክ በዪ። ይኼ ቃል አሁን እዚህ አልጋ ላይ አብሮኝ ተጋድሟል። ካስሳላት ደግሞ በርበሬው ነው ትላለች፣ ስትፈጭ የዋለች ሴት ብትስል ምን ይገርማል፣ እኔም በርበሬው ነው ብዬ እተዋለሁ።

ኅዳር ላይ መደብሩ ስልክ ጮኸ። ካሪን አልነበረችም፣ አነሣሁት። አንድ ሰው ያወራል፣ ድምፁ ሻካራ ነው፣ መሃል ላይ እየጠፋ ይመለሳል፣ ከኋላው እንደ ፉጨት ያለ ነገር አለው። ይቅርታ መስመሩ መጥፎ ነው፣ ይዝጉትና መልሰው ይደውሉ አልኩት። ደወለ። ያው ነው። ስለ በረኛ አንገት መከላከያ እንደሚጠይቅ ብቻ ገባኝ፣ እዚህ ቢመጡ ይሻላል አልኩት። በማግስቱ አንድ ረጅም ሽማግሌ በሩን ከፍተው ገቡ፣ ሮልፍ ይባላሉ፣ ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ የመብራት ሠራተኛ፣ በስዊድንኛ አንቱታ የለም፣ ሁሉም አንተ ነው፣ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። ፊቴ ቆመው አፋቸውን ከፈቱ፣ ያው ድምፅ ወጣ። ያው ሻካራ፣ ያው ፉጨት። በመካከላችን የአንድ ክንድ ርቀት ነው ያለው፣ ሽቦ የለም፣ ካርድ የለም።

«ትናንት መስመሩ አልነበረም» አሉ ፈገግ ብለው። «ጉሮሮዬ ነው። በወጣትነቴ ፓክ መትቶኝ ነው። ሁሉም ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል።»

ሜትሩ እጄ ላይ ነበር። አንገታቸውን ልለካ አንሥቼ እዚያው አየር ላይ ይዤው ቀረሁ። ምን ሆንክ አሉኝ፣ ምንም አልኩ፣ ለካሁ፣ አርባ ሁለት፣ ጻፍኩ፣ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩና ምን እንደሆነ አላወቅኩትም።

ያን ቀን ቅዳሜ አልነበረም። ከሥራ እንደወጣሁ መንገድ ላይ ቆሜ ደወልኩ፣ ሳሌሃ ደንግጣ አነሣች፣ ምን ሆንክ አለች፣ እኔ ምንም፣ የእማ አንገት ምን ሆኗል አልኳት። ብርዱስ አለችኝ። ሳሌሃ ወሬ የምታዞር ልጅ አይደለችም። ሳሌሃ ንገሪኝ። «እንዳትነግሪው ብላኛለች» አለች። በምን አስማለችሽ አልኳት፣ በአላህ አለች፣ እንግዲያው አትንገሪኝ፣ እኔ ልጠይቅሽ፣ አንቺ ለኪልኝ፣ ሳጥኑ ውስጥ የድሮ ሜትሬ አለ፣ የእማን አንገት ለኪና ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ፣ ቁጥር መናገር መሐላ ማፍረስ አይደለም። ስትሄድ ይሰማኛል። እማ ስትቆጣ ይሰማኛል፣ ምን ልትሰፊልኝ ነው እያለች። ሳሌሃ ተመልሳ አርባ ስድስት አለች።

አርባ ስድስት። መደብራችን ውስጥ ለዚያ አንገት የሚሆን ኮሌታ ያለው አንድ ሳጥን ብቻ ነው፣ እሱን የሚገዙት በር የሚያህሉ ሰዎች ናቸው። እናቴ ደግሞ ቀጭን ሴት ናት፣ ስሄድ አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ከሎሚ አይበልጥም ነበር፣ በሻሿ ጫፍ ትሸፍነዋለች፣ በእኛ አገር ብዙ ሴት ያላት ነገር ነው ብዬ አይቼው አላውቅም፣ ማለት እያየሁ አላየሁትም። ሳሌሃ ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገረች። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስትጋደም ትንፋሽ ያጥራታል፣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታሸልበው። ዳገት አትወጣም። ጤና ጣቢያ ያያት ሰው እንቅርቱ አየር መተላለፊያሽን እየተጫነ ነው፣ አዲስ አበባ ሄደሽ መውጣት አለበት ብሏታል። እሷ አሻፈረኝ ብላለች።

እኔ ሄጄ ልወስዳት አልችልም፣ የስደተኛ የጉዞ ሰነዴ ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር ወደ ሁሉም አገር ይላል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሁለት ወር ታስሬ ተፈታሁ፣ ሌላ ዙር እስራት ይመጣል ሲባል ጨርቅ ልገዛ አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ አልኳት ለእማ፣ በመተማ አድርጌ ሱዳን ገባሁ። በጊዜ ተመለስ ነበር ያለችኝ። ከጥቁር ክር ጋር ነጭ ክርም አምጣ፣ የሳሌሃ ቀሚስ ተተርትሯል ነበር ያለችኝ። አራት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ለምን ዋሸኸኝ ብላኝ አታውቅም።

እሺ፣ ሳሌሃ በነገረችኝ ማግስት ደወልኩና አዘዝኳት። አዎ አዘዝኳት፣ እናቴን፣ ነገ ትሄጃለሽ፣ መርካቶ አክስቴ ቤት ታርፊያለሽ፣ ጨርሻለሁ አልኩ። እሷ እስክጨርስ አዳመጠችና «ቢላ አንገቴን አይነካውም» አለች፣ ስልኩን ለሳሌሃ ሰጠች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆንን። እኔ አዛለሁ፣ እሷ ስልኩን ትሰጣለች።

ሮልፍም አሻፈረኝ ብለዋል። ሐሙስ ሐሙስ የሚጫወቱት የሽማግሌዎች ቡድን አላቸው፣ አርባ አምስት ዓመት በረኛ ሆነዋል፣ ዘንድሮ አዘጋጆቹ አንገቱን ያልሸፈነ በረዶው ላይ አይገባም የሚል ደንብ አወጡ፣ እሳቸው ደግሞ ኮሌታ አንገታቸውን ሲነካ ፊታቸው ይቀላል፣ ቀደው ይጥሉታል። አምስት ዓይነት አስሞከርኳቸው። አጭሩን፣ ደረት ድረስ የሚወርደውን፣ ከውስጥ ልብስ ጋር የተሰፋውን። ሁለት ጣት ያስገባል፣ አልጠበበም እላለሁ፣ አውቃለሁ ይላሉ፣ ያወልቁታል። ካሪን ተዋቸው፣ እንቢ ያለን ሰው ምን ታደርገዋለህ አለችኝ። እኔ ግን ደከመኝና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ እሳቸውም ተቀመጡ። ምኑ ነው የሚያስፈራዎት አልኳቸው። ፓኩ ነው ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«መዘጋቱ ነው» አሉ። «ያኔ ስመታ ወደቅኩ፣ አየር አልገባም አለ። ሁሉም ከበበኝ፣ አየኋቸው፣ መናገር አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ የልጄ ሠርግ ላይ እንኳ ክራባት አላሰርኩም።»

ለካስ ትክክለኛውን ኮሌታ ስፈልግላቸው የከረምኩት ምን እንደሚፈሩ ሳልጠይቃቸው ነው። ረጅሙን፣ ደረት ድረስ የሚወርደውን መረጥኩ፣ ክብደቱ ደረት ላይ ስለሚያርፍ ጉሮሮን አያንቅም። ካሪን መከላከያውን ጨርቅ መርፌህ እንዳይነካው፣ ከነካኸው አንሸጠውም አለችኝ፣ አልነካሁትም፣ ጠርዙን ብቻ፣ አገጭ ሥር የሚፈገፍገውን፣ በለስላሳ ጥጥ ለበጥኩት። የፕላስቲኩን ሰሌዳ ማሰሪያ አስረዘምኩ፣ ቀና ሲሉ ጉሮሮ እንዳይነካ፣ ጎንበስ ሲሉ ደግሞ ክፍተት እንዳይተው፣ እዚያ ላይ ግማሽ ጣት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ለጨዋታ አያድርጉት አልኳቸው፣ ቤትዎ ቴሌቪዥን ሲያዩ ያድርጉት፣ በራስዎ እጅ ይዝጉት፣ በራስዎ እጅ ይክፈቱት፣ መጀመሪያ ዜናው እስኪያልቅ ብቻ። ሳቁ። ወሰዱት።

ቅዳሜ እማን አላዘዝኳትም። ምኑ ነው የሚያስፈራሽ አልኳት። ስልኩን ለሳሌሃ ትሰጣለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልሰጠችም። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ያ ፉጨት፣ አሁን ስሰማው እንዴት መስመር መሰለኝ እላለሁ።

«የሀያቱን እናት ታውቃታለህ አይደል» አለች፣ ቀስ እያለች፣ እያረፈች። «እንቅርቷን ከቆረጡላት በኋላ ድምጿ ጠፍቶ ቀረ። ልጇ አጠገቧ ናት፣ በእጇ ታወራታለች። እኔ አንተን በምን አወራሃለሁ? ፊቴን አታይ፣ እጄን አታይ። አንተ ዘንድ ያለኝ ይኼ ድምፅ ብቻ ነው። እሱን ከወሰዱት በሕይወት መኖሬን በምን ታውቃለህ?»

ለካ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተደግፋ ያደረችው ለእኔ ነው፣ ለቅዳሜዋ ስልክ፣ እኔ በላሁ ብዬ ለምዘጋት። እማ አልኳት፣ ድምፅሽ እያለም እኮ አልሰማሁሽም። ጮክ በዪ ነው ያልኩሽ። «መስመሩ ነበር» አለች። አልነበረም አልኳት። ከዚያ ዝም ብትዪም በየቅዳሜው እደውላለሁ አልኳት፣ እኔ አወራለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ።

«አንተ?» አለች። «አንተ ደግሞ መቼ ወሬ ታውቃለህ?» ሳቀች፣ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ሲያልፍ «ቀጠሮ ያዙልኝ» አለች፣ ልክ በርበሬ አስፈጩልኝ እንደምትለው።

በታኅሣሥ ሮልፍ ተመልሰው መጡ፣ የፕላስቲኩን ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ መሃሉ ላይ ፓክ የመታው ጥቁር ምልክት አለ። «ሰማሁት እንጂ አልተሰማኝም» አሉ። ተሰንጥቆ እንደሆነ ብዬ ብርሃን ላይ አገላብጬ አየሁት፣ ጠርዙ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበረው፣ አዲስ ሰጠኋቸው፣ አንዴ የተሰነጠቀን ሰሌዳ ማንም ላይ አልሰቅልም። እናትህስ አሉኝ። ነግሬያቸው ነበር። ቀጠሮዋ ጥር ላይ ነው አልኩ። ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

ከትናንት በስቲያ በሚኒባስ ተነሡ፣ ጥያን ሲያልፉ ሳሌሃ ደወለች፣ እማ መስኮቱን አስከፍታ ነፋስ እየተቀበለች ነው አለች። ትናንት ማታ አውርታኛለች፣ ብዙ አወራች፣ ሳሌሃ ይበቃሻል ብትላትም አልሰማች፣ የሚያልቅባት ነገር ይመስል የሰፈሩን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ጠራች። እኔም አልዘጋሁም። ጠዋት ደግሞ ሳሌሃ ገባች አለችኝ፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ መስኮቱ መንጣት ጀመረ፣ የበረዶ መጥረጊያው መኪና አልፎ ሄደ፣ ሦስት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል ብለዋል እኮ፣ ሦስት ሰዓቱ እንግዲህ እስከ አራት ነው፣ አራት ሰዓት ሆነ። አራት ከሩብ። ተነሥቼ ውሃ ጠጣሁ፣ ተመልሼ ተጋደምኩ። አንገትን ከውጭ ብቻ ነው የማውቀው። ውስጡ ስንት ነገር እንዳለ፣ ድምፅን የሚያወጣው ክር የትኛው እንደሆነ፣ የሚቆርጠው ሰው እጁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አላውቅም። ያ ሰው ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ ይሁን ብዬ ዱዓ አደረግኩ፣ ለእሷ ማድረግ ስላልቻልኩ ለእሱ አደረግኩ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጠራ።

«ወጣች» አለች ሳሌሃ። ታለቅሳለች፣ ግን ልቅሶው የሚያስፈራ አይደለም። «ወጣች፣ ነቅታለች። ሲያነቋት ስምሽ ማነው አሏት፣ ዘይባ አለች፣ እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማሁ። ቀስ ብላ ነው፣ ግን ራሷ ናት። አሁን ሳምንት ሙሉ እንዳትናገር ብለዋል። አንድ ቃል እንኳ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ላድርገው?»

አድርጊው አልኩ። ኮሽታ ሰማሁ፣ ከዚያ ጸጥታ፣ ከጸጥታው ውስጥ ትንፋሽ፣ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ፣ ምንም አይፋጭም። አሰላሙ አለይኩም እማ አልኩ። ወአለይኩም ሰላም የሚል የለም። እንግዲህ ተራው የኔ ነው። ምን እንደምል አላወቅኩም፣ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ እናቴን በወሬ ይዤ አላውቅም። በረዶው ትናንት ማታ ጣለ አልኩ። ጉልበት ይደርሳል። ስለ ሮልፍ ነገርኳት፣ አንድ ሽማግሌ አሉ እማ፣ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው በረዶ ላይ ቆመው በር ይጠብቃሉ፣ ፓክ የሚባል ነገር አለ፣ ኮሌታ ሠርቼላቸዋለሁ፣ በየሐሙሱ ያደርጉታል። ትንፋሿ ትንሽ ቆረጥ ቆረጥ አለ። «እየሳቀች ነው፣ አታስቃት፣ ስፌቱ ያማታል» ትላለች ሳሌሃ ከሩቅ። እሺ አልኩ። ከዚያ በሱዳን በኩል ስሄድ የዋሸሁሽን ነገር አልኩ፣ የጨርቁን፣ በየቀኑ አስበዋለሁ አልኩ፣ ይቅር በዪኝ አልኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምናገረው፣ ፀሐይ ሽፋሽፍቴ ላይ እንዳረፈች ይታወቀኛል። ትንፋሿ ገባ ወጣ ይላል። ከዚያ ስልኩ እንደገና ኮሽ አለና ሳሌሃ መጣች።

«በእጇ እያሳየችኝ ነው» አለች።

«ምን አለች?»

«ቆይ... ጣቶቿን አፏ ላይ እያደረገች ነው። ምሳ በላህ ወይ ነው የምትልህ።»

አልበላሁም አልኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን።

«አልበላሁም ይላል እማ» አለች ሳሌሃ፣ ከዚያ እጇን አየች መሰለኝ፣ ሳቀች። «በል ተነሣ ትልሃለች። ስልኩን እንዳትዘጋው፣ ሲበላ ልስማው ብላለች።»

ተነሣሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ድምፁን ከፍ አደረግኩት፣ ዳቦውን ከመደርደሪያው አወጣሁ፣ እንቁላል ሰበርኩ፣ ዘይቱ መጥበሻው ላይ መንጫጫት ሲጀምር እንድትሰማው ስልኩን ጠጋ አደረግኩላት።